ሽቦ ባለበት ማሳ በሄሊኮፕተር ማስረጨት፦ የትኛው መከላከያ ለየትኛው ማሳ?

ሰንዳፋ፣ አጎቴ ማሳ ዳር ቆማችሁ ዙሪያውን ብትቃኙ ቀድሞ የሚታያችሁ ስንዴው ነው። ከዚያ ባሕር ዛፉ። ሽቦውን የምታዩት ሰው በጣቱ ሲያሳያችሁ ነው። እኔ እዚያው ነው ያደግኩት። በኩታ ገጠሙ (ጎን ለጎን በተያያዘው የማኅበራችን ማሳ) ላይ ስንት መስመር እንደሚያልፍ የቆጠርኩት ግን ባለፈው ዓመት ነው። ሦስት ይሆናሉ ብዬ ነበር። ሰባት ሆነው ተገኙ።

የቆጠርኩት ወድጄ አይደለም። የገበሬዎች ማኅበራችን ለዋግ፣ ለስንዴው በሽታ፣ የሚሆን መድኃኒት በሄሊኮፕተር ለማስረጨት ከአንድ ድርጅት ጋር ንግግር ጀምሮ ነበር። ሰብሳቢያችን "አንተ ከተማ የተማርክ ነህ፣ እስቲ ይቺን ወረቀት አገላብጣት" ብለው ሰጡኝ። ወረቀቷ ላይ ሄሊኮፕተሩን ከሽቦ የሚጠብቁ ነገሮች ተደርድረዋል። መቁረጫ፣ ማስጠንቀቂያ፣ ምልክት፣ ቅኝት። ሁሉም "አስተማማኝ" ናቸው። አንዳንዱ ዋጋ ያስጨምራል፣ አንዳንዱ በነጻ ነው። የቱ ለየትኛው ማሳ እንደሚሆን የሚናገር መስመር ግን የለም።

ሄሊኮፕተር ለርጭት መከራየት እኛ ዘንድ ገና የዘወትር ነገር አይደለም። ብዙዎቻችን ዝቅ ብሎ የሚረጭ ነገር ያየነው በ2012 እና 2013 ዓ.ም. አንበጣ ሲገባ ነው፤ ያውም በቴሌቪዥን። ግን ኩታ ገጠሙ እየሰፋ፣ የቀን ሠራተኛ እየተወደደ ሲሄድ ጥያቄው ወደ ሌላም ማኅበር መምጣቱ አይቀርም። የምጽፈው ለእነሱ ነው። የድርጅት ስም አልጠራም፤ ለማንም አላሻሽጥም።

## መጀመሪያ ስለ ሽቦው

እኛ ሽቦን ከታች ወደ ላይ ነው የምናየው። ሰማዩ ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታየናል። አብራሪው የሚያየው ከላይ ወይም ከጎን ነው። ለእሱ ከሽቦው ጀርባ ያለው ማሳ፣ ዛፍና ቆርቆሮ ነው። አልሙኒየም ሽቦ ደግሞ ሲቆይ ብልጭታው ይጠፋና አመድማ ይሆናል። እዚያ መሐል ፈልጉት እንግዲህ።

ፍጥነቱን ጨምሩበት። ሄሊኮፕተሩ ሲረጭ ከሰብሉ በላይ ሦስት አራት ሜትር ላይ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ቢበር በሴኮንድ 28 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሽቦውን 100 ሜትር ሲቀረው ቢያየው ያለው ጊዜ 3 ሴኮንድ ተኩል ነው። ማየቱም፣ መወሰኑም፣ ማሽኑ እሺ ብሎ መነሳቱም በዚያችው ጊዜ ማለቅ አለበት።

ዓይንም ያታልላል። ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት ሽቦዎች ከፍታቸው ከተለያየ፣ ከሩቅ ሲታዩ ከፍ ያለው ራቅ ያለ ይመስላል። የሃይቴንሽን መስመር አናት ላይ ደግሞ ለመብረቅ መከላከያ የተዘረጋ ሌላ ቀጭን ሽቦ አለ። አብራሪው ወፍራሞቹን አይቶ ከፍ ሲል የሚያገኘው እሱን ነው። ሽቦ ሲሞቅ እንደሚረግብ፣ ሲቀዘቅዝ እንደሚወጠርም አትርሱ። ጠዋት ያያችሁት ከፍታ ቀትር ላይ የለም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የአውስትራሊያ የትራንስፖርት ደኅንነት ቢሮ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2010 የተመዘገቡ 180 የሽቦ ግጭቶችን መርምሯል። 100ዎቹ የደረሱት በእርሻ በረራ ላይ ነው። 63 በመቶ በሚሆኑት አብራሪው ሽቦው እዚያ እንዳለ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ያውቅ ነበር! አይቶታል፣ ተነግሮታል፣ ምናልባትም ከሱ በላይ አሥር ጊዜ ተመላልሷል። ከዚያ ስልክ ይጠራል፣ ወይ ጥግ ላይ የቀረች ቁራጭ ማሳ ትታየዋለች፣ ወይ ይደክመዋል፤ ሽቦውም ከሐሳቡ ይወጣል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ወረቀቷን የማይበት ዓይን ተለወጠ። "ሽቦውን ያሳየዋል ወይ?" ብቻ ሳይሆን "ያየውን እንዳይረሳ ያደርገዋል ወይ?" ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ።

## የእኛ ሰፈር ሽቦዎች

የአገሪቱ ትልልቅ መስመሮች የሚገናኙት በአዲስ አበባ ዙሪያ ነው። ከሕዳሴ ግድብ የሚመጣው 500 ኪሎ ቮልት ሆለታ ይደርሳል። ከበለስ ተነስቶ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ የሚመጣው 400 ኪሎ ቮልት ሱሉልታ ይገባል። የጊቤው በአቃቂና ቃሊቲ በኩል ነው። እነዚህ ያን ያህል አያስፈሩኝም። የብረት ምሰሷቸው ከሩቅ ይታያል፤ ካርታ ላይም አሉ።

የሚያስፈሩኝ ትንንሾቹ ናቸው። 15 እና 33 ኪሎ ቮልት የሚሸከሙት በእንጨት ፖል የሚሄዱት መስመሮች በባሕር ዛፍ መሐል ሲያልፉ ፖሉንም ከዛፉ መለየት ያስቸግራል። ከትራንስፎርመር ወደ ቤት የሚወርደው መስመር አለ። የቴሌኮም ገመድ አለ። ፖሉን ወጥሮ የያዘው ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ አለ። ከሁሉ የባሰው ግን ሰው ራሱ ከቆጣሪው የሳበው ነው። ጎረቤት ለጎረቤት፣ ወይም ለውኃ ፓምፕ፣ በሁለት አጣና ላይ የተንጠለጠለ። እሱ ማንም ቢሮ ውስጥ አልተመዘገበም።

በዚያ ላይ አካባቢው በየወሩ ይለወጣል። ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ገላንና ለገጣፎ በሸገር ከተማ ሥር ከገቡ ወዲህ ግንባታው ፋታ የለውም። ግንባታ ባለበት ፖል ይቆማል። የአምና ካርታ ዘንድሮ አይሠራም።

## መለኪያዎቹ

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት በምን እንደምንለካቸው እንስማማ። እኔ አምስት ነገር ይዣለሁ።

የመጀመሪያው፣ የሚረዳው ለታወቀ ሽቦ ነው ወይስ ላልታወቀ? አብዛኞቹ ለሁለቱም እኩል አይሆኑም።

ሁለተኛው፣ የሚሠራው ከግጭቱ በፊት ነው ወይስ በግጭቱ ሰዓት? አባቶቻችን "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" የሚሉት ለዚህም ይሆናል።

ሦስተኛው እኛን በቀጥታ ይመለከታል። መብራት ሲጠፋስ ይሠራል? ይህ ጥያቄ አውሮፓ ላለ ሰው አይመጣለትም። ለእኛ ግን የማክሰኞና የሐሙስ ጉዳይ ነው።

አራተኛው ከፍታችን ነው። ቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል 2,334 ሜትር ላይ ነው። ሱሉልታና ሰንዳፋ ከዚያም ይበልጣሉ። 2,500 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአምስተኛ እጅ ይሳሳል፤ የቀትር ሙቀት ሲጨመር ልዩነቱ ከሩብ ያልፋል። የሄሊኮፕተር ክንፍ የሚቆመው በአየር ላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ማሽኑ ጉልበቱ ያጥራል። ቆላ ላይ ሽቦ አይቶ ቶሎ ብድግ የሚል ሄሊኮፕተር እዚህ፣ ታንኩ ሙሉ ሆኖ፣ እያቃሰተ ነው የሚነሳው። ስለዚህ የሚጫንበት እያንዳንዱ ኪሎ ጥቅሙ ከክብደቱ ይብለጥ። ድርጅቱንም "በዚህ ከፍታ ስንት ሊትር ይዛችሁ ነው የምትነሱት?" በሉት። ቆላ ላይ የሚይዘውን ቁጥር ከነገራችሁ ተጠራጠሩ።

አምስተኛው፣ በማን እጅ ነው? ድርጅቱ የሚገጥመው አለ፣ መብራት ኃይል ብቻ የሚሠራው አለ፣ እኛው የምንችለው አለ። በእጃችን ያልሆነን ነገር ውል ውስጥ ማስገባት ለጠብ ነው።

## ሽቦ መቁረጫ

ሄሊኮፕተሩ ላይ ሲገጠም እንደ ቀንድ ይታያል። አንዱ ጣሪያው ላይ፣ አንዱ ከአፍንጫው ሥር። መሐል ላይ መስታወቱን የሚከፍል ብረት አለ። ሽቦ ሲመጣ በብረቱ ተንሸራቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሄድና ስለታም አፍ ውስጥ ገብቶ ይቆረጣል። ሞተር የለውም፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ካናዳውያን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ያመጡት ነገር ነው። ለትንሽ ሄሊኮፕተር ክብደቱ ከ10 ኪሎ አይበልጥም። ሕይወት ማትረፉም እውነት ነው።

አሁን ወደ ገደቡ። የሚሠራው ሽቦው ፊት ለፊት ሲመጣና ማሽኑ በቂ ፍጥነት ሲኖረው ነው። የሚጠብቀው የአካሉን ፊት ብቻ ነው። ሽቦው ከላይ የሚሽከረከረውን ክንፍ፣ የጅራቱን ክንፍ ወይም ወደ ጎን የተዘረጋውን የመርጫ ቱቦ ከያዘ መቁረጫው ተመልካች ነው። ለርጭት የወጣ ሄሊኮፕተር ደግሞ ያ ቱቦ ግራና ቀኝ ተዘርግቶበታል። የሃይቴንሽን መስመርም ሌላ ነው። ከአውራ ጣት የወፈረ፣ መሐሉ ብረት፣ አንዳንዴ ሁለት ሦስት አራት ሆኖ አንድ ላይ የሚሄድ ሽቦ ነው። መቁረጫው የተሠራው ለእሱ አይደለም።

ስለዚህ ይኑር። ግን "መቁረጫ አለን" የሚል ድርጅት ሽቦ አጠገብ እንዲጠጋ አትፍቀዱለት። የመኪና ቀበቶ አለኝ ብሎ በቀይ መብራት የሚያልፍ ሹፌር ነው።

## ኤሌክትሮኒክ ማስጠንቀቂያ

በዚህ ስም የሚሸጡት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ወረቀቷ አንድ ላይ አድርጋቸው ነበር፤ ለይቶ መጠየቅ የኛ ፋንታ ነው።

አንደኛው ኤሌክትሪክ ያለበትን መስመር የሚያሸት ነው። ኃይል የሚሄድበት ሽቦ ዙሪያውን የሚያሰራጨውን ነገር ይይዝና ይጮኻል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን መብራት የጠፋ ዕለት መሣሪያው ዝም ይላል፤ ሽቦው ግን እዚያው ነው። የቴሌኮም ገመድና የፖል መወጠሪያ ሽቦማ ጭራሽ አይሸቱትም። ለሰንዳፋ እንዲህ ያለ መሣሪያ ይበጃል ብዬ ለማንም አልመክርም። ዝምታው "ሽቦ የለም" የሚል ይመስላልና ከሌለው ይልቅ ያለው ሰው ይታለላል።

ሁለተኛው ካርታ ላይ የሚሠራ ነው። የምሰሶና የመስመር ቦታ ተጭኖበት፣ ሄሊኮፕተሩ ሲጠጋ ይነግረዋል። የተጫነለትን ያህል ነው የሚያውቀው። ሃይቴንሽኑን ሊያውቅ ይችላል። ከቆጣሪ የተሳበውን የፓምፕ ሽቦ ከየት አባቱ ያውቀዋል?

ሦስተኛው በሌዘር ፊት ለፊቱን የሚፈትሽ ነው። መብራት ኖረ አልኖረ ቀጭን ሽቦ ያያል። ከሦስቱ የምመርጠው እሱን ነበር። ዋጋው ግን ለአምቡላንስና ለጦር ሠራዊት ሄሊኮፕተር የተሰፋ ነው፣ ክብደትም አለው። በዚያ ላይ አንድ ጡረታ የወጡ አብራሪ ያሉኝን ልንገራችሁ። "ልጄ፣ ሦስት ሜትር ላይ የሚበር ሰው ዙሪያው ሁሉ ዛፍና አጥር ነው። መሣሪያው ሲጮህ ይውላል። አንድ ሰዓት ታግሠህ ታጠፋዋለህ።"

## ኳስና ሌሎች ምልክቶች

ቦሌ መስመር አካባቢ ሽቦ ላይ የተንጠለጠሉ ቀይና ነጭ ኳሶች አይታችሁ ይሆናል። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመሪያ ኳሱ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት እንዲኖረው ይላል። በዚህ መጠን በኳስና በኳስ መሐል ያለው ርቀት ከ30 ሜትር አይበልጥም። እያንዳንዱ ኳስ አንድ ቀለም ይሆናል።

ኳስ ከግጭቱ በፊት ይሠራል፣ መብራት ቢጠፋም ይታያል፣ ሄሊኮፕተሩ ላይ አንድ ኪሎ አይጨምርም። በጣም የሚደንቀኝ ደግሞ ያንን "የታወቀ ሽቦ" ነገር መርዳቱ ነው። አብራሪው በረሳ ቁጥር ኳሱ ያስታውሰዋል። ችግሩ እኛ ልንሰቅለው አለመቻላችን ነው። ትልቁ መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው፣ ትንሹ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት። ደብዳቤ መጻፍ፣ መከታተል፣ መብራት ማስጠፋት ይጠይቃል። ዋግ ደግሞ ደብዳቤ እስኪመለስ አይጠብቅም። በየዓመቱ ለሚረጭ ትልቅ እርሻ ይሞከር። ለዘንድሮው ርጭት አትቁጠሩበት።

እኛ የምንችለው ከታች ነው። ሽቦው በሚያልፍበት ትክክለኛ ቦታ ሥር ነጭ ወይም ብርቱካናማ ጨርቅ መሬት ላይ በመስመር መዘርጋት። ከፖል እስከ ፖል። ከላይ ሲታይ ሽቦውን መሬት ላይ የሣልነው ያህል ነው። የማዳበሪያ ጆንያ ቀዶ መዘርጋትም ይበቃል። ሽቦው ላይ ግን ምንም አትሰሩ! ዱላ አትወርውሩ፣ ጨርቅ አትንጠልጥሉ። አንዱ ወጣታችን ይህንን ሐሳብ አምጥቶ አጎቴ እንዴት እንደተቆጡ እኔ ነኝ የማውቀው።

## በእግር መዞር፣ ካርታና ጠባቂ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም በላይ የጠቀመን ይሄ ነው።

መጀመሪያ በእግር ነው። ከሽቦ አትጀምሩ፣ ከፖል ጀምሩ። እኚያ አብራሪ ደጋግመው ያሉኝ ይሄንን ነው፦ "ሽቦ አይታይም። የሚታየው ፖል ነው።" ከአንዱ ፖል ሥር ቁሙና ቀጣዩን ፈልጉ። ካጣችሁት ባሕር ዛፉ ውስጥ ግቡ። አናቱ ላይ ያሉትን ስኒዎች (ሽቦው የሚታሰርባቸውን) እዩ። ስኒ ወደ ሌላ አቅጣጫ ካለው ከዚያ የተገነጠለ መስመር አለ ማለት ነው። ትራንስፎርመር ካያችሁ ወደ ቤት የሚወርደው ሽቦ የት የት እንደሚሄድ ተከተሉ። ማሳው መሐል ብቻውን የቆመ ቤት፣ ፓምፕ፣ ወፍጮ ካለ ኃይል ከየት እንደሚያገኝ ሳታውቁ አትለፉ።

እኛ ስድስት መስመር አግኝተን ጨርሰናል ብለን ተቀምጠን ነበር። የልማት ሠራተኛዋ ወረቀቱን እያጠፈች ነው። ከብት የሚጠብቅ ልጅ፣ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ቀረብ ብሎ ሲያይ ቆየና "ጋሼ፣ የፓምፗን ረሳችኋት" አለኝ። ወሰደን። ከአንድ ግቢ ቆጣሪ የወጣ ጥቁር ገመድ ባሕር ዛፍ ለባሕር ዛፍ ተንጠልጥሎ ወንዝ ዳር ያለ ፓምፕ ድረስ ይሄዳል። ከመሬት አምስት ሜትር ቢሆን ነው። ሄሊኮፕተር የሚያልፍበት ከፍታ። ከሁላችንም በላይ ማሳውን የሚያውቀው እረኛው ነው። ቅኝት ስትወጡ መጀመሪያ እሱን ጥሩ፤ የቀበሌ ሊቀ መንበሩን ቀጥሎ።

ካርታው ቆንጆ መሆን የለበትም። የስልክ ካርታ ላይ ፖሎቹን ምልክት አድርጉ፣ በትልቅ ወረቀት ገልብጡት፣ ሽቦውን በቀይ አስምሩ። አብራሪው ከመነሳቱ በፊት ራሱ በእግሩ ወይም በመኪና ይዙር። ከዚያ ከፍ ብሎ አንድ ዙር ከላይ ይየው። የሚሻገርበት ቦታ ካለ ምሰሶው ባለበት በምሰሶው አናት ላይ ይሻገር፤ እዚያ የሽቦው ከፍታ አያወዛግብም። በሽቦ ሥር ማለፍ የሚባል ነገር ውላችን ውስጥ የለም።

ጠባቂ ማለት ሬዲዮ ይዞ መሬት ላይ የሚቆም ሰው ነው። ሥራው አንድ ነው፤ ሄሊኮፕተሩ ወደ ሽቦ ሲዞር ማስታወስ። ታንክ ለመሙላት በወረደ ቁጥር ካርታው ድጋሚ ይታያል። በተለይ መጨረሻ ላይ የቀሩ ጥጋ ጥጎችን ለመጨረስ ሲነሳ። አውስትራሊያውያኑ አደጋ ይበዛበታል ብለው ከለዩዋቸው ሰዓቶች አንዱ ያ ነው። ሥራው አልቋል ሲባል ነው ሽቦው የሚረሳው።

የበረራ ሰዓት ላይ አንድ የሚያጣላ ነገር አለ። ጠዋት አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ማሽኑ ጉልበት አለው፣ ነፋሱም ገና አልተነሳም። ግን ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ዓይን ውስጥ ትገባለች፤ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ደግሞ ጉም አለ። ጉሙ እስኪነሳ መጠበቅ፣ ከዚያ ምልልሱን በሰሜንና ደቡብ ማድረግ ይሻላል። ወደ ምሥራቅ እየበረሩ ሽቦ መፈለግ የማይሆን ነው።

## ሽቦ ያለበትን ለሌላ መተው

አምስተኛው አማራጭ ሄሊኮፕተሩን ከሽቦው ማራቅ ነው። ከመስመሩ ግራና ቀኝ አንድ ስፋት ይተዋል፤ ያ ቦታ በሌላ ይረጫል። እኛ ከአብራሪው ጋር ተነጋግረን በየጎኑ 50 ሜትር አልን። ሕግ አይደለም፣ የእኛ ስምምነት ነው። ሒሳቡን እዩት። 600 ሜትር የሚሄድ አንድ መስመር በዚህ ልክ 6 ሄክታር ይወስዳል።

የተተወውን በምን? የጀርባ መርጫ ሽቦ አይፈራም፤ ግን አድካሚ ነው። ለአንድ ሄክታር 200 ሊትር ውኃ ብንል፣ በ16 ሊትር መርጫ 12 እና 13 ጊዜ መሙላት ነው። ጓንትና መሸፈኛ ለሠራተኛው ግዙለት። ትራክተር ያለው በትራክተር ይርጭ፤ ግን ረጅም የመርጫ ክንዱን አጥፎ ወይም ከፍ አድርጎ ሲንቀሳቀስ ዝቅ ያለ ሽቦ ይያዝበታል፣ ፖልም ይገጫል።

ድሮን ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ነው። ለርጭት የሚሠሩት ብዙዎቹ ከ10 እስከ 40 ሊትር ይይዛሉ፣ በአንድ ባትሪ የሚበሩት በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው። የእኛ ስስ አየር የድሮኑንም ጭነት ይቀንሳል። ቢጋጭ ውስጡ ሰው የለም፤ ትልቁ ብልጫው ይሄ ነው። ሽቦ የሚያይ መሣሪያ አለው ይባላል፤ ቀጭን ሽቦ ላይ አልታመነውም። ድሮንም ቢሆን መስመሩን ተከትሎ ጎን ለጎን ይብረር እንጂ አያቋርጠው። ሽቦ ላይ ከተንጠለጠለ የሚያወርደው የመብራት ሠራተኛ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። ለማስገባቱም ለማብረሩም ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አትርሱ። ቢሾፍቱ በኩል ያላችሁ ደግሞ የአየር ኃይሉ ሰፈር ጎረቤታችሁ ነው።

"መብራት አስጠፍተን እንርጭ" የሚል ሐሳብም ተነስቶ ነበር። ለአብራሪው ምንም አይጠቅመውም። ኃይል የሌለው ሽቦም ያው ሽቦ ነው።

## ባጭሩ በሠንጠረዥ

| መከላከያው | ለታወቀ ሽቦ | ላልታወቀ ሽቦ | መብራት ሲጠፋ | ክብደት በማሽኑ ላይ | ወጪ | በማን እጅ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| መቁረጫ | በግጭት ሰዓት ብቻ | በግጭት ሰዓት ብቻ | ይሠራል | ትንሽ | መካከለኛ | ድርጅቱ |
| ኤሌክትሪክ አሽታች | ይረዳል | በከፊል | አይሠራም | ትንሽ | መካከለኛ | ድርጅቱ |
| የካርታ ማስጠንቀቂያ | ከተጫነለት | አይረዳም | ይሠራል | ትንሽ | መካከለኛ | ድርጅቱ |
| ሌዘር | ይረዳል | ይረዳል | ይሠራል | አለው | በጣም ከፍተኛ | ድርጅቱ |
| ኳስ ሽቦው ላይ | በጣም ይረዳል | አይመለከተውም | ይሠራል | የለም | ከፍተኛ፣ ጊዜም ይወስዳል | የመስመሩ ባለቤት |
| ጨርቅ መሬት ላይ | በጣም ይረዳል | አይመለከተውም | ይሠራል | የለም | ዝቅተኛ | እኛ |
| በእግር ቅኝት፣ ካርታ፣ ጠባቂ | በጣም ይረዳል | የታወቀ ያደርገዋል | ይሠራል | የለም | የሰው ጉልበት | እኛና ድርጅቱ |
| ሽቦ ያለበትን መተው | ያርቀዋል | አይመለከተውም | ይሠራል | የለም | የሌላ ርጭት ወጪ | እኛ |

## ለማን የቱ?

ማሳችሁ ትንሽ ከሆነና ብዙ ሽቦ ካለበት፣ ለገጣፎና ቡራዩ ዳር እንዳለው ዓይነት፣ ሄሊኮፕተር አትጥሩ። የትኛውም መሣሪያ ይህን አይለውጠውም። የጀርባ መርጫ ወይም ፈቃድ ያለው ድሮን ይበቃችኋል። የለገዳዲና የገፈርሳ ግድቦች አካባቢ ከሆናችሁ ደግሞ ሽቦ ባይኖርም ሁለት ጊዜ አስቡ። ከላይ የሚረጭ ኬሚካል በነፋስ ይሄዳል፤ ግድቡ ውስጥ ያለው የአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ነው።

መካከለኛ ኩታ ገጠም ያለው፣ ብሩም ብዙ ያልሆነ ማኅበር፣ ከቅኝትና ከካርታ ይጀምር። የሚተወውን ስፋት ሲቀንስ ለሄሊኮፕተሩ የሚቀረው ከግማሽ በታች ከሆነ ይተወው። ከግማሽ በላይ ከሆነ ጨርቅ ይዘርጋ፣ ጠባቂ ያቁም፣ መቁረጫ ያለው ማሽን ይጠይቅ። ለኤሌክትሪክ አሽታች ተጨማሪ ብር አይክፈል።

በየዓመቱ የሚያስረጭ ትልቅ እርሻ ወይም ዩኒየን ከሆናችሁ ግን ነገሩ ይለያል። ለኳስ ደብዳቤውን አሁኑኑ ጻፉ፤ ለከርሞ ይደርሳል። ሌዘር ያለው ድርጅት ካገኛችሁ ዋጋውን አወዳድሩ። ቅኝቱን ግን እሱም ቢኖር አትዝለሉ።

ውል ላይ እኛ ያስገባናቸው ነጥቦች እነዚህ ናቸው። አብራሪው ማሳውን በእግሩ ወይም በመኪና ሳይዞር አይነሳም። ቅኝቱ በሚረጭበት ዕለት ይደገማል። ቀይ የተሰመረበት ስፋት ውስጥ አይገባም፤ ያልተረጨ ጥግ ቢቀር ክፍያ አይቆረጥበትም። ይቺን የመጨረሻዋን ሰብሳቢያችን መጀመሪያ አልወደዷትም፤ "ላልተረጨ ልከፍል ነው?" አሉ። አብራሪው ያቺን ጥግ ለመጨረስ ብሎ ሽቦ ሥር እንዳይገባ መሆኑን ስነግራቸው ተቀበሉ። ሽቦ ከተበጠሰ ማንም ሰው ወደ ወደቀው አይጠጋም፣ ከብትም ይመለስ፣ የመብራት ሠራተኛ መጥቶ ጠፍቷል እስኪል ድረስ።

ወደ እኛ ማሳ ልመለስ። ኩታ ገጠሙ 64 ሄክታር ነው። ሰባቱን መስመሮች በቀይ አስምረን፣ በየጎኑ 50 ሜትር ቀንሰን ስንደምር ለሄሊኮፕተሩ የቀረው 27 ሄክታር ሆነ፤ ያም በአራት ቦታ የተቆራረጠ። አብራሪው ካርታውን አይተው ሳቁ። "ይሄማ የሄሊኮፕተር ሥራ አይደለም" አሉ። በትራክተርና በጀርባ መርጫ አስረጨነው። አምስት ቀን ፈጀ። የፓምፑ ባለቤት ገመዱን ከዛፍ ላይ አውርዶ እቀብረዋለሁ ብሏል፤ እስከ ትናንት ድረስ ግን እዚያው ነው።